በአሮጌ መኪና ስብስብ ላይ ምን እንይ? ቮልስን፣ ሰይቸንቶንና ላዳን በቅርብ ስለ መለየት

አሮጌ መሪ (አዲስ አበባ)

ሰላም ለሁላችሁም። በከተማችን የአሮጌ መኪና ወዳጆች እሑድ ጠዋት እየተሰባሰቡ መኪኖቻቸውን ጎን ለጎን አቁመው የሚጨዋወቱበት ልማድ እየሰፋ መምጣቱ እጅግ ያስደስተኛል። ነገር ግን በየስብስቡ የማስተውለው አንድ ጉዳይ ስላለ በዝርዝር ልጽፍበት ወድጃለሁ። ተመልካቹ በመጀመሪያ የሚያመራው አዲስ ቀለም ወደ ተቀባችው፣ ሰፊ ቸርኬ ወደ ገባላትና ወንበሯ በቀይ ቆዳ ወደ ተለበጠችው መኪና ነው፤ አጠገቧ ቆሞ ፎቶ ይነሣና ይሄዳል። ከእርሷ ጎን ደብዝዛ የቆመችው፣ ሃምሳ ዓመት ሙሉ ከሥራ ያላረፈችው ግን ብዙ ጊዜ ጠያቂ የላትም። በእኔ እምነት በአገራችን ከሁሉ ይልቅ ትኩረት የሚገባት ይህችኛዋ ናት፤ ምክንያቱም ከፋብሪካ ስትወጣ ምን እንደነበረችና እዚህ ከደረሰች በኋላ ማን ምን እንዳደረገላት ገና ከሰውነቷ ላይ ማንበብ ይቻላል። ቀለሙና ስቱኮው ይህን ሁሉ ከሸፈነው በኋላ ለተመልካች የሚቀረው የቀለም ቀቢው ሙያ ብቻ ነው።

ለማንበብ ግን ምን እንደሚታይ ማወቅ ያስፈልጋል። በቮልስ ልጀምር። (ካልገለጽሁ በስተቀር ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ቮልስን ከሩቅ ላያት ሰው ከመጀመሪያዋ እስከ መጨረሻዋ አንድ ዓይነት ትመስላለች፤ ፋብሪካዎቹ ከ21 ሚሊዮን በላይ ሠርተው የመጨረሻዋን በሐምሌ 2003 ሜክሲኮ ውስጥ፣ ፑዌብላ ላይ ሲያወጡ እንኳ የሰውነቷ መስመር ያው ነበር። በቅርብ ሲታይ ግን ዓመት በዓመት የተለወጠ ነገር አላት። እኔ ሁልጊዜ ከኋላ መስታወቷ እጀምራለሁ። እስከ 1953 መጀመሪያ ድረስ መስታወቱ በመሐል ቋሚ ብረት ለሁለት የተከፈለ ነበር፤ ከዚያ እስከ 1957 አጋማሽ ሞላላ የሆነ አንድ መስታወት ሆነ፤ ከዚያ ወዲህ ያሉት ሁሉ ሰፋ ያለ ባለ አራት ማዕዘን መስታወት አላቸው። ቀጥሎ በሩ ከኋላው ካለው ምሰሶ ጋር የሚገጥምበትን ቦታ አያለሁ፤ እዚያ ላይ ጠባብ ቋሚ ክፍተት ካለ ፍሬቻዋ መብራት ሳይሆን ከምሰሶው ብቅ የሚል ትንሽ ክንድ ነበር ማለት ነው፤ ይህም ከ1960 አጋማሽ በፊት የተሠራች መሆኗን ይነግረናል።

ከሁሉ የሚበልጠው ለውጥ የመጣው በነሐሴ 1967 ነው። ከዚያ በፊት የፊት መብራቶቹ ወደ ኋላ ያዘነበለ የመስታወት ሽፋን ነበራቸው፤ ከዚያ በኋላ ቀጥ ብለው ቆሙ። ፓራውልቱ ቀጭንና ጎባጣ የነበረው ወፍራምና ቀጥ ያለ ሆኖ ከፍ ብሎ ተሰቀለ። ቤንዚን የሚሞላው የፊት ኮፈኑ ተከፍቶ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን በስተቀኝ፣ ከፊት ፓራፋንጎው በላይ የራሷ ትንሽ ክዳን ተሠራላት። ባትሪዋም ከ6 ቮልት ወደ 12 ከፍ አለ። የኋላ መብራቷ ትልቅና ክብ ከሆነ ደግሞ ከነሐሴ 1972 ወዲህ ናት። አንዳንድ ጊዜ የ1965 ሰውነት ላይ የ1970ዎቹ ፓራውልትና መብራት ተገጥሞ እናያለን። ይህ የተመልካቹን ዓይን የሚፈትን መልካም ጨዋታ ከመሆኑም በላይ፣ መኪናዋ አንድ ቀን ተገጭታ በተገኘው ዕቃ ተጠግና ወደ ሥራዋ መመለሷን ይነግረናል።

ቮልስ በእኛ አገር ለምን እንደበረከተች መካኒካል ምክንያት አለው። ሞተሯ በአየር የሚቀዘቅዝ ስለሆነ ራዲያተር የላትም፤ እንጦጦን ወይም የዓባይን በረሃ ስትወጣ ውሃ ፈላ ተብሎ መንገድ ዳር አይቆምም። የሞተሯ ክብደት ከኋላ፣ በሚገፉት ጎማዎች ላይ ስላረፈ ጭቃና ዳገት ላይ መሬቱን ትቆነጥጣለች። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር አካባቢ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ጥግግት ባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል፤ ያን ያህል ጉልበት ከየትኛውም የቤንዚን ሞተር ላይ ይቀነሳል፣ ካርቡራቶሩም ካልተስተካከለ ቤንዚን ያበዛና ካንዴላውን ያጠቁራል። ስለዚህ እዚህ የኖረች ቮልስ ካርቡራቶር ውስጥ የቤንዚን ማሳለፊያው ቀዳዳ ከፋብሪካው ልክ አንሶ ቢገኝ ጉድለት አይደለም፤ የዚህች ከተማ አየር ምልክት ነው።

በታሪክ በኩልም ቮልስ ከእኛ ጋር የተለየ ትስስር አላት። መስከረም 2 ቀን 1967 በእኛ አቆጣጠር፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን በወረዱበት ዕለት፣ ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስዋገን ነበር። በእነዚህ ስብስቦች ላይ ታሪክ ያላት መኪና ሁሉ በቃል ብቻ እንዳትተዋወቅ፣ ሊብሬዋና የቆየ ፎቶግራፏ አብረዋት እንዲቀርቡ ብናደርግ መልካም ይመስለኛል። የእናንተን አስተያየት ለመስማት እጓጓለሁ።

---

የጉለሌው መካኒክ

ወንድሜ አሮጌ መሪ፣ በጥሩ ሁኔታ አስቀምጠኸዋል። እኔ ዕድሜዬን በጋራዥ ውስጥ ያሳለፍሁ ሰው ስለሆንሁ ከውጭ ከሚታየው ይልቅ የተደበቀውን ላክልበት።

መስታወትና መብራት ይቀየራል፤ ቁጥር ግን በቀላሉ አይቀየርም። የቮልስ የሻንሲ ቁጥር የኋላ ወንበሩ ሲነሣ በመሐል ባለው የወለሉ ጉብታ ላይ ተመትቶ ይገኛል። ከ1965 ሞዴል ጀምሮ የቁጥሩ የመጀመሪያ ሁለት አሐዞች የመኪናዋን ዓይነት፣ ሦስተኛው ደግሞ የሞዴሉን ዓመት ያሳያሉ። 115 ብሎ የሚጀምር ከሆነ 11 የተለመደችው ባለ ጣሪያ ቮልስ ናት፣ 5 ደግሞ የ1965 ሞዴል ናት ማለት ነው። እዚህ ላይ መታወቅ ያለበት የፋብሪካው የሞዴል ዓመት የሚጀምረው በነሐሴ መሆኑ ነው፤ በጥቅምት 1965 የተሠራች መኪና በቁጥሯ የ1966 ናት። ከ1970 ሞዴል ወዲህ ቁጥሩ አሥር አሐዝ ሆነ፤ ሦስተኛው አሐዝ ግን አሁንም ዓመቱን ይናገራል። የሞተሩ ቁጥር ዲናሞው ከተቀመጠበት እግር ሥር ነው፤ በፊደል የሚጀምር ከሆነ ፊደሉ የሞተሩን ዓይነት ይገልጣል። ኤፍ ከሆነ የ1300፣ ኤች ከሆነ የ1500 ሞተር ነው።

ሁለተኛው ነገር ላሜራው ነው። በስብስብ ላይ ባለቤቱን ሳታስፈቅዱ እጃችሁን መኪና ላይ አታሳርፉ። ከፈቀደላችሁ ግን ትንሽ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልላችሁ በፓራፋንጎውና በበሮቹ ታችኛው ክፍል ላይ ቀስ ብላችሁ አስጠጉ፤ ማግኔቱ ሳይዝ ከቀረ ከቀለሙ ሥር ያለው ብረት ሳይሆን ወፍራም ስቱኮ ነው። ቀጥሎ የኋላ ወንበሩን ቀኝ በኩል አንሡ፤ ባትሪው የሚቀመጠው እዚያ ስለሆነ አሲዱ እየተንጠባጠበ ወለሉን ይበላዋል፤ ቮልስ መጀመሪያ የምትበሳው በዚያ ቦታ ነው። ከበሩ ሥር በግራና በቀኝ የሚሄደው ክፍት ቱቦ ደግሞ ከሞተሩ ሞቃት አየር ወደ ውስጥ የሚያመጣ ሲሆን ውሃ ከገባበት ከውስጥ ወደ ውጭ ይዝጋል። እኛ ዘንድ እንደ ፈረንጅ አገር ክረምት በመጣ ቁጥር መንገድ ላይ ጨው ስለማይበተን፣ ሃምሳ ዓመት የሞላው ወለል ከነፋብሪካ ቀለሙ የሚገኝበት ጊዜ አለ። እንዲህ ያለ ወለል ያላት መኪና ስታገኙ ባለቤቱን አመስግኑት።

ሌላም አንድ ምልክት ልጨምር። ኢትዮጵያ በግራ መንገድ መንዳት ትታ ወደ ቀኝ የተሻገረችው በ1964 ነው። ስለዚህ መሪዋ በቀኝ በኩል የሆነች አሮጌ ላንድሮቨር ወይም ቮልስ ብታዩ፣ ከዚያ ዘመን በፊት የገባች ልትሆን ስለምትችል ባለቤቱን ስለ ሊብሬዋ መጠየቅ አይከፋም።

---

ሰሎሜ (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ጋሼ መካኒኩ፣ ስለ ቁጥሮቹ የሰጡን ማብራሪያ እጅግ ጠቃሚ ነው፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እኔ የምኖረው በዋሽንግተን አካባቢ ሲሆን እዚህም በሞቃት ወራት ስብስቦች ይደረጋሉ። በመሠረተ ሐሳቡ ከአሮጌ መሪ ጋር ብስማማም በአንድ ነጥብ ላይ ግን ልለይ።

በዓለም ደረጃ የታሪካዊ ተሽከርካሪ ማኅበራትን የሚያስተባብር፣ በ1966 የተቋቋመ ፊቫ የሚባል ፌዴሬሽን አለ። በእርሱ ትርጓሜ መሠረት አንድ መኪና ታሪካዊ ለመባል ዕድሜው ቢያንስ 30 ዓመት የሞላው፣ ለዘመኑ ትክክለኛ በሆነ ይዞታ የተጠበቀና ለዕለት ተዕለት መጓጓዣነት የማያገለግል መሆን አለበት። በዚህ ሚዛን ከተመዘነ አዲስ አበባ ላይ ጠዋት ሥራ፣ ከሰዓት ትምህርት ቤት የምታደርስ ቮልስ ከትርጓሜው ውጭ ናት። ደንቡ እንዲሁ በዘፈቀደ የተጻፈም አይመስለኝም፤ በየቀኑ የሚሠራ መኪና በየቀኑ ያልቃል፣ ያለቀው ደግሞ በተገኘው ይተካል። ሃያ ጊዜ የተበየደ ፓራፋንጎ፣ ከሌላ መኪና የመጣ ወንበርና ከሦስት ሞተር ተሰብስቦ የተገጠመ አንድ ሞተር ያላትን መኪና «አልተነካችም» ብሎ ማወደስ ለተመልካቹ የተሳሳተ ትምህርት ይሰጣል። ያልታደሰች መኪና ሁሉ የተጠበቀች አይደለችም፤ የማደሻ ገንዘብ ታጥቶላት የቀረችም አለች፤ ሁለቱን መለየት ያስፈልጋል።

ከዚህ ሆኜ የማውቀውን አንድ የመለያ ምልክትም ላካፍላችሁ። ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩት ቮልሶች ቀጥ ያለውን የፊት መብራትና 12 ቮልቱን ያገኙት ከአውሮፓውያኑ አንድ ዓመት ቀድመው፣ በ1967 ሞዴል ነው። ስለዚህ ቀጥ ያለ መብራት ከቀጭኑና ከአሮጌው ፓራውልት ጋር በአንድ መኪና ላይ ብታዩ ወዲያው «የተቀላቀለ ነው» ብላችሁ አትፍረዱ፤ ከአሜሪካ የመጣች የዚያ ዓመት መኪና ልትሆን ትችላለች። እዚህ ሰብሳቢዎች ያን ዓመት ለይተው የሚፈልጉትም አሮጌው ሰውነትና አዲሱ መብራት የተገናኙት በእርሱ ብቻ ስለሆነ ነው።

---

የላዳ ልጅ

የሁላችሁንም ጽሑፍ በጥሞና አነበብሁ። እህቴ ሰሎሜ ስለ ዕለታዊ አገልግሎት ያነሣሽው ነጥብ በቀጥታ ይመለከተኛል፤ ምክንያቱም አባቴ ሦስት ልጆች ያሳደገውና ያስተማረው በሰማያዊና ነጭ ላዳ ታክሲ ነው፤ መኪናዋም እስካሁን አለች።

በስብስቦች ላይ ላዳ ይዞ የሚመጣ ሰው እምብዛም አይታይም፤ ቢመጣም «ይሄ እኮ ታክሲ ነው» ይባላል። እኔ ግን ላዳ ሊመረመር የሚገባው የምሕንድስና ታሪክ አላት እላለሁ። የሶቭየት ኅብረት መንግሥት ከፊያት ጋር በ1966 ተዋውሎ ቶሊያቲ በተባለችው ከተማ ትልቅ ፋብሪካ ሠራ፤ ከዚያም በ1970 የመጀመሪያዋ ላዳ ወጣች። መነሻዋ በ1967 የአውሮፓ የዓመቱ መኪና ተብላ የተሸለመችው ፊያት 124 ነበረች። ሩሲያውያኑ ግን እንዳለ አልገለበጧትም፤ ለመጥፎ መንገድ ሲሉ ላሜራውን አወፈሩት፣ ከመሬት ከፍ አደረጓት፣ የኋላውን የዲስክ ፍሬን ትተው ጭቃን የሚችል የከበሮ ፍሬን አደረጉላት፣ ሞተሩንም በሌላ ተኩ።

ሁለቱ ጎን ለጎን ከቆሙ ለመለየት ቀላል ነው። የላዳ በር እጀታ ወደ በሩ ውስጥ ገባ ብሎ ከላሜራው ጋር እኩል ይሆናል፤ የፊያቱ ወደ ውጭ ይወጣል። በላዳ ፊት ለፊት፣ በፓራውልቱ አካባቢ ክብ ቀዳዳ ይገኛል፤ ባትሪው በብርድ ሲደክም ሞተሩን በእጅ ማስነሻ ብረት አሽከርክሮ ለማስነሣት ታስቦ የተተወ ነው። ኮፈኑ ሲከፈትም ልዩነቱ ይታያል፤ በፊያት 124 ሞተር ካምሻፍቱ (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) ያለው ከታች ብሎኩ ውስጥ ሲሆን በላዳው ከላይ ቴስታታው ላይ ነው። አራት ክብ መብራት ያላት 2103ም ሆነች ባለ አራት ማዕዘን መብራቶቹ 2105ና 2107 ሁሉም ከዚያች መነሻ የተወለዱ ናቸው።

የአባቴ ላዳ ሾፌር በር ላይ፣ መስታወቱ በሚወርድበት ጠርዝ፣ ክርኑን የሚያሳርፍባት አንዲት ቦታ አለች። ሰማያዊው ቀለም መጀመሪያ ሳስቶ፣ ቀጥሎ ከሥሩ ያለው ግራጫ ቀለም ታይቶ፣ በመጨረሻ ብረቱ ራሱ ወጥቶ እንደ ተወለወለ ብር ያበራል። ቀለም ቀቢ ወዳጄ በነጻ ሊቀባልኝ ቢጠይቀኝም አልፈቀድሁም። ታክሲ ታክሲነቷ ከተፋቀባት የቀረችው ተራ አሮጌ መኪና ናት።

ስለ ታክሲ ካነሣን ከላዳ በፊት የነበረችውን ሰይቸንቶንም (ፊያት 600ን) አንርሳ። ፊያት 600 በ1955 ስትወጣ ርዝመቷ ሦስት ሜትር ከሃያ አካባቢ ብቻ ነበር፤ እርሷም ሞተሯ ከኋላ ነው፣ ነገር ግን እንደ ቮልስ በአየር ሳይሆን በውሃ የሚቀዘቅዝ ነው። በሯ ወደ ኋላ የሚከፈት፣ ማለትም ማጠፊያው ከኋላ በኩል ከሆነ ከ1964 በፊት የተሠራች ናት። በስብስብ ላይ ሰይቸንቶ ካያችሁ መጀመሪያ በሯን እዩ።

---

ባለሙያ ቀቢ

ውይይቱ ጥሩ ሆኖ ሳለ እኛ መኪና የምናድስ ሰዎች ታሪክ እንደምናጠፋ ተደርጎ መነገሩ ትክክል አይመስለኝም፤ ስለዚህ በአክብሮት መልስ ልስጥ።

ወደ እኔ ከሚመጡት ቮልሶች መካከል ወለላቸው ተበስቶ እግር የሚያሾልክ፣ የፊት ሱስፔንሽናቸው የላላና ፍሬናቸው ሲረገጥ ወደ አንድ ወገን የሚጎትቱ አሉ። ከ1967 በፊት በተሠሩት አብዛኞቹ የፍሬን ዘይቱ የሚጓዘው በአንድ መስመር ብቻ ነው፤ አንዷ ቱቦ ከፈነዳች አራቱም ጎማ ያለ ፍሬን ይቀራል። የ6 ቮልቱ መብራት ደግሞ ዛሬ ባለው የሌሊት ትራፊክ ውስጥ ለሾፌሩም ለእግረኛውም አደገኛ ነው። እንዲህ ያለችውን መኪና «አሻራዋን አትንኩ» ማለት ባለቤቷን ለአደጋ ማጋለጥ ነው። እኔ ፍሬኑን ወደ ሁለት መስመር፣ መብራቱን ወደ 12 ቮልት ስቀይር ምንም ቅር አይለኝም፤ የወጣውን ኦሪጅናል ዕቃ ግን በሣጥን አድርጌ ለባለቤቱ እመልሳለሁ፤ አንድ ቀን መመለስ ለሚፈልግ ይኖራል።

ቀለምን በተመለከተም ሙያው ከተከበረ የመኪናዋን ታሪክ ማክበር ይቻላል። የመጀመሪያ ቀለሟ ብዙ ጊዜ ያልተነካው ከዳሽቦርዱ ጀርባ፣ ከኮፈኑ ላስቲክ ሥርና ከኋላ ወንበሩ ታች ነው። ሳልፍቅ በፊት እነዚህን ቦታዎች ፎቶ አነሣለሁ፤ ባለቤቱ ሌላ ቀለም ቢመርጥ እንኳ ከእነዚህ አንዱን ሳልቀባ እተዋለሁ። በስብስብ ላይ የታደሰች መኪና ስታዩ እንግዲህ የቀለሙን ጥራት ብቻ ሳይሆን በበሮቹና በሰውነቷ መካከል ያለው ክፍተት ከላይ እስከ ታች እኩል መሆኑን፣ የበሩ መዘጊያ ድምፅ አንድና ድፍን መሆኑን ተመልከቱ። ጥሩ ባትላሜራ የሚታወቀው በዚያ ነው።

---

አሮጌ መሪ

ወንድሜ ባለሙያ ቀቢ፣ ጽሑፌ እንደ እርስዎ ያሉትን ሰዎች አይመለከትም፤ ከመፋቁ በፊት ፎቶ የሚያነሣና የወጣውን ዕቃ የሚመልስ ሰው ታሪክ ይጠብቃል እንጂ አያጠፋም። ፍሬንን በተመለከተም ክርክር የለኝም። የምቃወመው ስድስት ወር ጋራዥ ተቀምጣ ስትወጣ ከየት እንደመጣች የሚናገር አንድም ነገር ያልቀረላትን መኪና ነው።

እህቴ ሰሎሜ፣ የተጠበቀችውንና የተተወችውን መለየት አለብን ማለትሽ ልክ ነው። ስለ ዕለታዊ አገልግሎት ግን የፊቫ ትርጓሜ የተጻፈው አሮጌ መኪና ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ መኪና ለሆነበት አገር ይመስለኛል። በእኛ ዘንድ አሮጌ መኪና የቆየው ሰብሳቢ ስለጠበቀው ብቻ አይደለም፤ ሌላ መግዛት አስቸጋሪ ስለነበረ ነው። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ዕድሜያቸው በገፋ ያገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ቀረጥ ከጣለ ወዲህ፣ ከዚያም መንግሥት በ2016 በእኛ አቆጣጠር በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ፣ ከውጭ ሌላ ቮልስ ወይም ሌላ ፔጆ 404 ይመጣልናል ብሎ የሚጠብቅ የለም። ያሉን ያሉት ናቸው። ስለዚህ በሶማሌ ተራ የተገኘች መለዋወጫ፣ በሰፈር ብየዳ የተሠራች እግር፣ ከሌላ መኪና የመጣ ወንበር፣ መኪናዋ በሥራ ዘመኗ እያለች የተደረጉ ከሆነ እንደ ታሪኳ አካል እቆጥራቸዋለሁ። ለስብስብ ሲባል ባለፈው ዓመት የተጨመረው ሰፊ ቸርኬ ግን በዚያ መዝገብ አይገባም። ድንበሩን የማሰምረው እዚህ ላይ ነው።

ፔጆን ካነሣሁ በአጭሩ ልበል፤ 404 ከ1960 ጀምሮ በፒኒንፋሪና ንድፍ የተሠራች፣ ሞተሯ ወደ ጎን በ45 ዲግሪ የተጋደመ ናት። በ1963ቱ የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ውድድር 84 መኪኖች ተነሥተው 7 ብቻ ሲደርሱ ያሸነፈችው እርሷ ነበረች። እንዲህ ያለችው መኪና በመንገዳችን መክረሟ የሚገርም አይደለም። የጭነት መኪና ወዳጆች ደግሞ ስለ ኤንትሬ (የፊያት ጭነት መኪና) የራሳቸውን ውይይት እንዲከፍቱ እለምናለሁ፤ ለብቻው ሰፊ ነው።

---

ሰሎሜ (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ያሰመርኸውን ድንበር እቀበለዋለሁ፤ እንዲያውም በስብስቦች ላይ ሥራ ላይ ሊውል ይገባዋል። እያንዳንዱ ባለቤት በአንዲት ካርቶን ላይ መኪናዋ መቼ እንደገባች፣ ምን ምን እንደተቀየረና መቼ እንደተቀየረ ጽፎ ከፊት መስታወቱ ሥር ቢያስቀምጥ ተመልካቹ ራሱ ይመዝናል። የላዳ ልጅ፣ የአባትህን መኪና እባክህ አምጣት፤ ፎቶዋንም ቢሆን እዚህ ለጥፍልን።

---

ጀማሪ ተመልካች

ለዚህ ሁሉ ትምህርት አመሰግናለሁ። ጋሼ መካኒኩን አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ባለፈው እሑድ ያገኘኋት ቮልስ ሊብሬዋ ላይ የተሠራችበት ዓመት 1960 ተብሎ ተጽፏል። ነገር ግን የፊት መብራቶቿ ቀጥ ያሉ ናቸው፣ የቤንዚን ክዳኗም በስተውጭ ነው፤ ይህ ደግሞ አሮጌ መሪ ካሉት ጋር አይስማማም። ባለቤቷ ፈቅደውልኝ የኋላ ወንበሩን ሳነሣ የሻንሲ ቁጥሩ በ118 ይጀምራል። የሞተሩ ቁጥር ደግሞ ኤ እና ቢ በሚሉ ሁለት የላቲን ፊደላት ይጀምራል። ባለቤቷ የቀድሞው ገዢ አታሏቸው እንደሆነ ሠግተዋል።

---

የጉለሌው መካኒክ

ልጄ፣ ባለቤቷን አረጋጋቸው፤ አልተታለሉም። 118 ማለት ባለ ጣሪያዋ ቮልስ፣ የ1968 ሞዴል ማለት ነው። የ1968 ሞዴል የተመረተው ከነሐሴ 1967 እስከ ሐምሌ 1968 ሲሆን በእኛ አቆጣጠር ከ1959 መጨረሻ እስከ 1960 መጨረሻ ላይ ይውላል። ሊብሬው ላይ ያለው 1960 እንግዲህ የኢትዮጵያ ዓመት ነው፤ ከመብራቷም፣ ከቤንዚን ክዳኗም፣ ከቁጥሯም ጋር ይስማማል። አሮጌ ሊብሬ ስታነብብ አስቀድመህ የየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ አረጋግጥ፤ ብዙ ክርክር የሚነሣው ከዚያ ነው።

ሞተሩ ግን አብሯት የመጣው አይደለም። በእነዚያ ሁለት ፊደላት የሚጀምረው የ1300 ሞተር መሠራት የጀመረው በነሐሴ 1970 ስለሆነ በኋላ የተቀየረላት ነው። ይህ በቮልስ ዘንድ የተለመደ ነው፤ ሞተሩን ከካምቢዮው ጋር የሚይዙት አራት ቡሎኖች ብቻ በመሆናቸው ሁለት ሰዎች በአንድ ጠዋት አውርደው ሌላ ይሰቅሉላታል። ባለቤቷን የሞተሩ ቁጥር ሊብሬው ላይ ካለው ጋር መግጠሙን እንዲያዩ ንገራቸው፤ የማይገጥም ከሆነ ለቦሎ ከመሄዳቸው በፊት ያስተካክሉ። አሮጌው ሞተር ቤታቸው ጥግ ተቀምጦ ከሆነም እንዳይሸጡት። ቁጥሩን ጽፈህ ላክልኝና መጀመሪያ የተገጠመላት እርሱ ሊሆን ይችል እንደሆነ አይቼ እነግርሃለሁ።